«ቲጋሲን» የሚታይበት መስኮት፦ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለፊሊፒናዊው ወንድ ሲመዘኑ

ታጋሎግ ውስጥ «ቲጋሲን» የሚባል ቃል አለ። ጠንካራ፣ ኮስታራ፣ ለማንም የማይበገር ወንድ ማለት ነው። ፊሊፒናውያን ግን ቃሉን ቆራርሰው ይጫወቱበታል፤ «ቲጋ» የአንድን ሥራ ኃላፊነት የያዘ ሰው መጠሪያ፣ «ሳኢንግ» ደግሞ ሩዝ መቀቀል ስለሆነ፣ «እኔ እኮ በቤቴ ቲጋሲን ነኝ» ብሎ ደረቱን የነፋ ባል ትንፋሹን ሳይውጥ «ቲጋ-ሳኢንግ፣ ቲጋ-ላባ፣ ቲጋ-ሁጋስ» ይላል፤ ሩዝ ቀቃዩ፣ ልብስ አጣቢው፣ ሳህን አጣቢው እኔ ነኝ ማለቱ ነው። ማኒላ ውስጥ ለወራት ክፍል ተከራይቼ በኖርኩበት ቤት ያለው አባወራ ይህን ቀልድ በፌስቡክ ገጹ ላይ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል እየለዋወጠ ያወጣው ነበር። እንደ አገሩ ወግ «ኩያ» እለው ነበር፤ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ ለማይዛመዱት ሰው ሲውል ግን ከእኛ «ጋሼ» ብዙ አይርቅም። ኩያ ለዓመታት መርከበኛ ሆኖ የሠራ ሰው ነው፤ እኔ ሳውቀው ግን እሱ ቤት ውሎ ልጆቹን ያሳድግ፣ ሚስቱ ሆንግ ኮንግ በሰው ቤት ትሠራ ነበር።

ይህ ጽሑፍ የሦስት አገልግሎቶች ግምገማ ነው፤ ነገር ግን ስለ ፍጥነታቸው፣ ስለ ካሜራ ማጣሪያቸው ወይም ስለ ማስታወቂያቸው ብዛት አልጽፍም። በፊሊፒንስ ምድር ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአንድ ወንድ የሚሰጡትን አንድ አገልግሎት ብቻ እመዝናለሁ፤ እሱም ወንድ መሆኑን ለሌሎች የሚያሳይበት መድረክ ነው። ፊሊፒናውያን «ፓግካላላኪ» የሚሉት ወንድነት ሰውየው ለብቻው ይዞት የሚዞር ንብረት አይደለም፤ ጎረቤት፣ አማች፣ አበልጅና የመጠጥ ጓደኛ አይተው የሚያጸድቁት ነገር ነው። ስለዚህ የሚያየው ሰው ሲለወጥ ወንድነቱም አብሮ ይለወጣል የሚል እምነት አለኝ፤ ሦስቱን የማበላልጠውም በዚህ መስፈርት ነው።

ዋጋውን ላስቀድም። ሦስቱም በስም ነጻ ናቸው፤ የሚከፈለው ለኢንተርኔቱ ነው። አብዛኛው ሰው ወርኃዊ ውል የለውም፤ «ሎድ» የሚሉትን ቅድመ ክፍያ «ሳሪ-ሳሪ» ከሚባሉት የሰፈር ሱቆች በጥቂት ፔሶ እየገዛ ይሞላል፤ ያም ካልሆነ የአንድ ፔሶ ሳንቲም ሲጎርስ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ኢንተርኔት የሚለቅ «ፒሶ ዋይፋይ» የሚባል ሳጥን በየመንደሩ ተሰቅሏል። ፌስቡክ በዚህ አገር ከሁሉም ቀድሞ ሥር የሰደደበት አንዱ ምክንያት ይኸው የዋጋ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ግሎብ የተባለው የቴሌኮም ኩባንያ ደንበኞቹ ያለ ዳታ ክፍያ ፌስቡክ እንዲጠቀሙ በር ከፈተ፤ በ2015 ደግሞ ተፎካካሪው ስማርት ፌስቡክ ባቋቋመው ኢንተርኔት ዶት ኦርግ በተባለ የነጻ ኢንተርኔት ፕሮግራም በኩል ተከተለው። በነጻው በር የገባ ሰው ጽሑፉን ያነብ ነበር፤ ፎቶውንና ቪዲዮውን ለማየት ግን መክፈል ነበረበት። ዊ አር ሶሻልና ሁትስዊት የተባሉት የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች በ2021 ባወጡት ዘገባ ፊሊፒናውያን በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በቀን በአማካይ ከ4 ሰዓት በላይ በማሳለፍ ከዓለም አንደኛ ነበሩ። ሎዱ ያለቀበት ሰው ፎቶ ስለማያይ ጉልበቱን ሁሉ በቃላት ላይ ያውል ነበር፤ የፊሊፒናዊው ወንድ የፌስቡክ ጉራ ከጡንቻ ይልቅ በነገር የተሞላው በከፊል ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

መድረኩ ግን ከስልክ በፊትም ነበረ፤ በጎማ ይሄድ ነበር እንጂ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከአሜሪካ ወታደራዊ ጂፖች የተወለደው ጂፕኒ የተባለው የሕዝብ ማመላለሻ ግንባሩና ጎኑ በጽሑፍ ያሸበረቀ ነው። «ካታስ ናንግ ሳውዲ» የሚል የተጻፈበት ጂፕኒ በቁሙ «የሳውዲ ጭማቂ» ይላል፤ ባለቤቱ በረሃ ወርዶ ላቡን አፍስሶ በመጣ ገንዘብ የገዛው መኪና መሆኑን ላላፊ አግዳሚው ሁሉ ያስታውቃል። «ባስታ ድራይቨር፣ ስዊት ላቨር» የሚለው ተለጣፊ ደግሞ ሹፌር ከሆነ ፍቅር አዋቂ ነው የሚል የሙያ ማኅበር መፈክር ይመስላል። አንዱ «አሳዳሪ ነኝ»፣ ሌላው «ተፈላጊ ነኝ» ይላል። ዛሬ በፌስቡክ ላይ የሚጻፈውን ብዙውን ነገር ከእነዚህ ከሁለቱ በአንዱ ሥር ማስገባት ይቻላል፤ አዲሱ አገልግሎት የጨመረው ተሳፋሪው እንዲመልስ መፍቀዱን ነው።

ፌስቡክን ከሦስቱ አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱ አክስቶች ናቸው። አንድ ፊሊፒናዊ በገጹ ላይ ምንም ነገር ቢያወጣ ከሚያዩት መካከል እናቱ፣ የሚስቱ እናት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ የልጁ አስተማሪ፣ የቀድሞ አለቃውና ዱባይ ያለች የአጎቱ ልጅ ይገኙበታል። ይህ ዓይነቱ ታዳሚ ባለበት «ሂያ» ሥራውን ይሠራል። ሂያን ብዙ ጊዜ «ኀፍረት» ብለው ይተረጉሙታል፤ የአማርኛ አንባቢ ግን ከዚያ የቀረበ ቃል አለው፤ ይሉኝታ ነው። «ዋላንግ ሂያ»፣ ይሉኝታ የሌለው ማለት፣ ለሰው ከሚሰነዘሩ ከባድ ስድቦች አንዱ ነው። ኩያ ከጓደኞቹ ጋር ግቢው ውስጥ አንዱን ብርጭቆ ተራ በተራ እያዞሩ ጂን በሚጠጡበት በ«ታጋይ» ሰዓት የሚያወራውን ወሬ በፌስቡክ አንድም ቀን ሲጽፈው አላየሁም። ጓደኞቹ ፊት «አስቲግ» ነው፤ ቃሉ ጥንካሬ ማለት የሆነውን «ቲጋስ»ን ገልብጦ የተሠራ የመንገድ ቃል ሲሆን አይበገሬ፣ ደፋር፣ ቄንጠኛ የሚለውን ሁሉ ያጠቃልላል። ገጹ ላይ ግን አማቱ ስላሉ ሩዝ ቀቃይ ይሆናል።

ሩዝ ቀቃይነቱ ታዲያ እውነት ነው ወይስ ትሕትና መስሎ የቀረበ ጉራ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ብዙ ጊዜ አጥፍቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የአገሪቱ የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በጋራ ንብረታቸው አስተዳደር ወይም በልጆቻቸው ጉዳይ ካልተስማሙ የባል ውሳኔ እንደሚጸና፣ ሚስት ግን ፍርድ ቤት መሄድ እንደምትችል ይደነግጋል። በልማድ ደግሞ ደመወዙን ለሚስቱ የሚያስረክብና የመጓጓዣ ከእሷ የሚቀበል ባል ብዙ ነው፤ ጫማ ውስጥ፣ የሞተር ብስክሌት ቆብ ውስጥ ወይም ሚስት በማትነካው የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ስለተደበቀ ገንዘብ የሚነገሩት ቀልዶች በፌስቡክ ላይ ማለቂያ የላቸውም። በወረቀት ንጉሥ፣ በኪሱ ጥገኛ የሆነ ሰው የሚስቃት ሳቅ ናት እንግዲህ «ቲጋሲን»። አንዲት ሴት «ሩዝ ቀቃይ ነኝ» ብላ ብትጽፍ ማንም አይስቅም፤ ሥራው ቀልድ የሚሆነው ወንድ ሲሠራው ብቻ ነው። ያም ሆኖ ቀልዱ ውስጥ የተደበቀ ፈቃድ አለ፦ ማጠቢያው አጠገብ የቆመውን ባል ፎቶ ሚስቱ ስታወጣና የጎረቤት ሚስቶች የየራሳቸውን ባል ስም ሥሩ ሲጠሩ፣ ሥራው እያሳቀ ይለመዳል። «ማቹኑሪን» የሚለው ቃል የተወለደው ከዚሁ ነው፤ «ማቾ»ን ታዛዥ ከሚለው «ማሱኑሪን» ጋር አዳቅለው የሠሩት ሲሆን፣ ጡንቻም ታዛዥነትም ያለው ባል ማለት ነው።

ከፌስቡክ ቁልፎች ሁሉ ለዚህ ማኅበረሰብ የተሠራ የሚመስለው እ.ኤ.አ. በ2016 የመጣው የ«ሃሃ» ምልክት ነው። ፊሊፒናዊ ሲደነቅም፣ ሲንቅም፣ ሲከራከርም የሚጫነው እሱን ነው። ጂም ውስጥ ሸሚዙን አውልቆ ፎቶ የተነሣ ጎረምሳ አርባ «ላይክ» አግኝቶ አራት «ሃሃ» ቢከተለው፣ ሌሊቱን ስለ አራቱ ሲያስብ ያድራል። ብዙዎች ለዚህ መድኃኒት አግኝተዋል፤ ሌላው ሳይስቅባቸው በራሳቸው ይስቃሉ። አውራ ጣትንና አመልካች ጣትን ዘርግቶ ከአገጭ ሥር በማድረግ የሚነሡት ፎቶ «ፖጊ»፣ ቆንጆ ወንድ፣ የሚል መልእክት አለው፤ ይሁን እንጂ ምልክቱን የሚያሳየው ሰው ቆንጆ ነኝ ማለቱም ቆንጆ ነኝ በሚሉት ላይ ማፌዙም ስለሆነ ከየትኛውም ወገን ቢመታ መውጫ አለው። ነጋዴው ገዥውን፣ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ሁሉ «ፖጊ» ብሎ በሚጠራበት አገር ቃሉ ለሁሉም የሚታደል ሰላምታ ሆኗልና፣ የምልክቱ ቀልድ ማንንም አያስቀይምም።

ሌላው የእጅ ምልክት ግን አያስቅም። በ2016 የፕሬዚዳንት ምርጫ ዘመቻ የሮድሪጎ ዱቴርቴ ደጋፊዎች የተጨበጠ ቡጢ ወደ ካሜራ ዘርግተው ይነሡ ነበር፤ ካሸነፉ በኋላም ባለሥልጣናትና እንግዶች ከእሳቸው ጋር የሚነሡበት የተለመደ አቋቋም እሱ ሆነ። ደጋፊዎቻቸው «ታታይ ዲጎንግ»፣ አባታችን ዲጎንግ፣ ይሏቸው ነበር። ተመራጭ ፕሬዚዳንት ሳሉ በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ለሴት ጋዜጠኛ አፏጩ፤ በ2018 ሴኡል ውስጥ በተሰበሰቡ ፊሊፒናውያን ሠራተኞች ፊት አንዲትን ሴት መድረክ ላይ ጠርተው ከንፈሯን ሳሙ። ሁለቱም ቪዲዮዎች በፌስቡክ ላይ እየተቀባበሉ ሲታዩ ሁለት ዓይነት ጩኸት ተሰማ፤ አንዱ «ባስቶስ»፣ ባለጌ፣ አለ፤ ሌላው «እውነተኛ ወንድ እንዲህ ነው፣ አስመሳይ አይደለም» አለ። የማኅበራዊ ሚዲያው አሠራር ለጩኸት መጠን እንጂ ለጩኸት ዓይነት ግድ ስለሌለው፣ ቁጣውም ጭብጨባውም ቪዲዮውን እኩል ገፋው። በዚህ ጉዳይ ለፌስቡክ ዝቅተኛ ነጥብ እሰጣለሁ፤ አክስቶቹ ራሳቸው ሲያጨበጭቡ ይሉኝታ ለካ ልጓም አይሆንም።

ይሁንና ያው መድረክ መልሱንም አስተናግዷል፤ ይህን አለማንሣት ፍርደ ገምድልነት ይሆንብኛል። በግንቦት 2018 ሴቶች «ባባኤ አኮ»፣ እኔ ሴት ነኝ፣ በሚል መለያ ፊታቸውን እያሳዩ ሴቶችን ለሚያንቋሽሸው የፕሬዚዳንቱ ንግግር መልስ ሰጡ፤ ዘመቻውን ታይም መጽሔት በዚያው ዓመት በኢንተርኔት ላይ ከፍተኛ ተጽዕኖ ካሳደሩ መካከል ቆጠረው። በሰኔ 2020 ደግሞ በኬሶን ክፍለ ሀገር የሉክባን ከተማ ፖሊስ ገጽ ሴቶች አጭር ልብስ እንዳይለብሱ የሚመክር ጽሑፍ ሲያወጣ፣ ፍራንኪ ፓንጊሊናን የተባለችው ወጣት ዘፋኝ ስለ አለባበስ ሴቶችን ከማስተማር ይልቅ ሰዎች እንዳይደፍሩ ማስተማር ይቅደም የሚል ሐሳብ ጻፈች። የቴሌቪዥን ሰው የሆነው ቤን ቱልፎ «ኢሃ» ብሎ ሊያስተምራት ሞከረ። «ኢሃ» ከስፓኒሽ የመጣ ሲሆን «ልጄ» ማለት ነው፤ በፍቅርም በንቀትም ይነገራል፤ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ «ስሚ ልጄ» ሲባል ያለውን ልዩነት በድምፁ ይለየዋል። ወጣቷ «ኢሃ» መባል ሐሳቧን እንደማያሳንሰው መለሰች፤ ብዙ ሴቶችም «ኢሃ አኮ»፣ እኔም ልጅህ ነኝ እንደ ማለት፣ እያሉ የደረሰባቸውን በደል በአደባባይ ጻፉ። የታላቅ ወንድነትና የአባትነት አጠራር በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሥልጣን መሣሪያነት ወደ መከሰሻነት ሲገለበጥ ያየሁት እዚህ ላይ ብቻ ነው። «ባዋል ባስቶስ»፣ ብልግና ክልክል ነው፣ በሚል ቅጽል የሚታወቀው የ2019 ሕግ በመንገድና በሥራ ቦታ ብቻ ሳይሆን በኢንተርኔት የሚፈጸምን ጾታዊ ትንኮሳም ስለሚያስቀጣ፣ ክርክሩ ከሕግ ውጭ የተደረገ አልነበረም።

ቲክቶክ ሌላ ነገር ነው። ቪዲዮውን የሚያየው ዘመድ ሳይሆን ባዕድ ነው፤ ባዕድ ደግሞ ይሉኝታ አያስይዝም። እዚህ የሚገነው ቃል «ዲስካርቴ» ነው፤ ከስፓኒሽ የመጣ ሲሆን መላ፣ ብልኃት፣ ሰው እንዴት ብሎ እንደሚኖር የሚገልጽ ነው። ያለ ዲግሪ ሞተር ብስክሌት ገዝቶ፣ ጥብስ ሸጦ፣ ቤት የሠራ ወጣት ገንዘቡን እየቆጠረ «ዲፕሎማ ወይስ ዲስካርቴ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሥሩ በሺዎች ይጣላሉ። ክርክሩ አንዳንዴ ቁም ነገር አለው፤ ትምህርት በገንዘብ በሚገኝበት አገር መላ ያለው ድሃ ክብር ይገባዋልና። ነገር ግን መላ አጥቶ የቀረው ወንድ፣ «ታምባይ» የሚሉት የመንገድ ዳር ቋሚ፣ በዚህ ሚዛን ድህነቱ የራሱ ስንፍና ተደርጎ ይቆጠርበታል።

ዲስካርቴ ሁለተኛም ትርጉም አለው፤ ሴትን የሚቀርቡበት ዘዴ ነው። በድሮው «ፓንሊሊጋው» ወጣቱ ማታ ጊታር ይዞ በመስኮቷ ሥር ይዘፍን፣ ሲጠናበትም ከወላጆቿ ደጅ ውኃ እየቀዳና እንጨት እየፈለጠ ያገለግል ነበር፤ ዳኞቹ አባቷና እናቷ ነበሩ። መናገር የማይደፍረው «ቶርፔ» ይባላል፤ ዛሬም ይባላል። በቲክቶክ ላይ ዳኛው ተመልካቹ ነው፤ ወጣቱ አበባና በትልቅ ሸራ የታተመ ጥያቄ ይዞ፣ ጓደኞቹ ከሦስት አቅጣጫ እየቀረጹለት፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ደጃፍ ይቆማል። «እሺ» ካለች ሕዝቡ ይደሰታል፤ «አይ» ካለች ስድቡ በእሷ ላይ ይወርዳል። እንጨት መፍለጥ ቢያንስ ለሴቲቱ ቤት እንጨት ያስገኝ ነበር።

ቲክቶክን የማመሰግንበት አንድ ነገር አለ፤ ዳንሱ ነው። ሲሚንቶ ያቦካ የነበረ የግንባታ ሠራተኛ፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ፖሊስ ሳይቀር ወገቡን እያወዛወዘ ይጨፍራል፤ ማንም ወንድነቱን አይጠይቀውም። ከዚህ ቀደም «ባክላ»፣ ሴትነት የሚያሳይ ወይም ወንድ የሚያፈቅር ወንድ፣ የሚለው ቃል ለስላሳ ነገር ያደረገ ወንድ ሁሉ የሚቀጣበት አለንጋ ነበር፤ ራሱን በዚህ ስም ሲጠራ ለኖረው ማኅበረሰብ ግን ማንነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የተነሣው ኤስቢ19 የተባለው የአምስት ወንዶች የሙዚቃ ቡድን በሜካፑና በአለባበሱ ምክንያት ይኸው ቃል እንደ ስድብ ሲወረወርበት ከቆየ በኋላ የአገር ኩራት ሲሆን፣ አለንጋው በመጠኑ ላልቷል። ላልቷል እንጂ አልተጣለም፤ ማንኛውም ወጣት አልቅሶ የቀረጸው ቪዲዮ ሥር እየተመላለሰ ይታያል።

ዩቲዩብን በዚህ ግምገማ ለማካተት የተገደድኩት በአንድ ሰው ምክንያት ነው። ራፊ ቱልፎ የቤን ወንድም ሲሆን፣ በዩቲዩብ ላይ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ተከታይ ያለው የአቤቱታ ፕሮግራም አለው፤ በ2022 በዚሁ ዝና ሴናተር ሆኖ ተመርጧል። ከአቤቱታዎቹ ብዙዎቹ ስለ ባሎች ናቸው፤ ሌላ ሴት ይዞ የጠፋ፣ የሚመታ፣ ለልጁ «ሱስቴንቶ» የሚሉትን ቀለብ የማይልክ። ሚስት ታለቅሳለች፣ ባል በስልክ ይጠራል፣ ይዋሻል፣ ይጋለጣል፤ አገሩ ሁሉ ያያል። «ኢፓ-ቱልፎ ኪታ»፣ በቱልፎ አስጠራሃለሁ፣ የሚለው ዛቻ በጎረቤቶች ጠብ ሁሉ ይሰማል። እዚያ የሚፈረደው የወንድነት ሕግ ያልተጻፈ ቢሆንም ግልጽ ነው፦ ብትማግጥ ትሰደባለህ፣ ልጅህን ካላበላህ ግን ሰው አይደለህም። ከሙስሊሞች በስተቀር ፍቺ በሕግ በሌለበት፣ ፍርድ ቤት ሩቅና ውድ በሆነበት አገር ለብዙ ሴቶች ይህ ፕሮግራም አጭሩ መንገድ መሆኑን ስለማውቅ በቀላሉ ልነቅፈው አልችልም። የማይዋጥልኝ ልጆቹ ናቸው፤ የአባታቸው ውርደት በኢንተርኔት ላይ ከእነሱ ጋር ያድጋል።

በዚህ ላይ የልጆች ጉዳይ ከተነሣ አንድ ልምድ ባጭሩ ልጥቀስ። ወንድ ልጅ በበጋው የትምህርት ቤት ዕረፍት «ቱሊ» ይፈጸምለታል፤ ያልተገረዘውን «ሱፖት» ብሎ መስደብ ከሕጻንነት እስከ ሽምግልና የሚዘልቅ ነው። ከግርዛቱ በኋላ ልጁ የእናቱን ሰፊ ቀሚስ ለብሶ፣ በጓቫ ቅጠል የተፈላ ውኃ እየተዘጋጀለት ይሰነብታል። ድሮ ይህን ያየ ጎረቤት ነበር። አሁን አባቶች እያሳቁ በፌስቡክ ያወጡታል፤ ልጁ ግን ተጠይቆ አያውቅም። ወንድ ሆነ የሚባልበት ቀን ፈቃዱ ያልተጠየቀበት ቀን መሆኑ ያስገርመኛል። የመስመር ላይ የዶሮ ፍልሚያውን፣ «ኢ-ሳቦንግ»ን፣ ልገመግም አስቤ ነበር፤ በወረርሽኙ ዘመን የወንዶች አምባ የነበረውን መድረክ ወደ ስልክ አስገብቶ ብዙ ቤተሰብ አራቁቷል። ከ30 በላይ ሰዎች ደብዛቸው ከጠፋ በኋላ በግንቦት 2022 በመንግሥት ስለተዘጋ ግን ለግምገማ የቀረ ነገር የለም።

ከሁሉ በላይ የምመሰክርለት አገልግሎት በፌስቡኩ ሜሴንጀር የሚደረገው የቪዲዮ ጥሪ ነው። ፊሊፒንስ ሠራተኛ ወደ ውጭ መላክን እ.ኤ.አ. ከ1974 የሠራተኛ ሕግ ጀምሮ በመንግሥት ፖሊሲ የያዘች አገር ናት፤ ለዓለም መርከቦችም መርከበኛ በብዛት ከሚያቀርቡት ግንባር ቀደም ናት። በአገሬው አባባል አባት «ሃሊጊ ናንግ ታሃናን»፣ የቤት ምሰሶ፣ እናት «ኢላው ናንግ ታሃናን»፣ የቤት ብርሃን ናት። ምሰሶው ባሕር ላይ ሲሆን ወይም ብርሃኗ ሆንግ ኮንግ ስትሄድ ቤቱ በሜሴንጀር ይቆማል። መርከበኞች በየወደቡ ወዳጅ አላቸው ከሚለው ሐሜት «ሲማንሎሎኮ» የሚል ቃል ተፈልስፏል፤ መርከበኛና አታላይ የተጋቡበት ነው። ኩያ ይህን ቃል ሲሰማ ይስቃል፤ ግን በመርከብ ሳለ ኢንተርኔት በተገኘበት ወደብ ሁሉ መጀመሪያ ያደረገው ለሚስቱ መደወል እንደነበር ሳይጠየቅ ይናገራል። አሁን በተራዋ እሷ ትደውላለች፤ እሱ ስልኩን ውኃ መቅጃው ላይ አስደግፎ የልጁን ፀጉር ይሠራል፣ እሷም ከዚያ ማዶ «ወደ ግራ አዘነበለ» ትለዋለች። የዚህን ቪዲዮ በገጹ አውጥቶት አያውቅም። ሩዙን ለቀልድ ያወጣዋል፤ ፀጉሩን ግን ያስቀረዋል። ሰኔ ውስጥ የአባቶች ቀን ሲመጣ «አባትም ለሆናችሁ እናቶች እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ጽሑፍ ፌስቡክን ያጥለቀልቀዋል፤ በግንቦት የእናቶች ቀን ላይ እናትም ለሆኑ አባቶች የሚጻፍ እምብዛም አላየሁም።

ነጥብ መስጠት ካለብኝ፣ የቪዲዮ ጥሪውን ከ5 ኮከብ 5፣ ፌስቡክን 3፣ ዩቲዩብን 2 እሰጣለሁ፤ ቲክቶክን ለዳንሱ 4፣ ለቀሪው 1። የት እንደሚጽፍ ለሚመርጥ ወንድ ምክሬ አማቱ ባሉበት መጻፍ ነው።

ስለ ኩያ ገጽ አንድ ነገር ይቀረኛል። በታኅሣሥ የክርስትና አባቶች፣ «ኒኖንግ» የሚባሉት፣ ለክርስትና ልጆቻቸው የገና ገንዘብ መስጠት ግዴታቸው ነው፤ ብዙ ልጅ ክርስትና ያነሣ ወንድ የተከበረ ነው፣ በዚያ ወር ግን የተከበበ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ፌስቡክ የተደበቁ ኒኖንጎችን በሚያፈላልጉ ቀልዶች ይሞላል፤ ልጆቹም ጂካሽ በተባለው የስልክ ገንዘብ መላኪያ የክፍያ ኮዳቸውን በመልእክት ሳጥን ይልካሉ። ኩያ በገና ዋዜማ ጠዋት ድሮ መርከብ ላይ የተነሣውን ፎቶ አውጥቶ «በዓሉን ባሕር ላይ ነኝ፣ ኢንተርኔት ደካማ ነው» ብሎ ጻፈ። ያን ጊዜ እሱ ሽርጥ አገልድሞ ማድቤት ነበር፤ ደጁ ላይ ደግሞ ሰባት ልጆች ቆመው ነበር። ከጽሑፉ ሥር የመጀመሪያዋን «ሃሃ» የተጫነችው ሆንግ ኮንግ ያለችው ሚስቱ ናት፤ ሥሩም «ካፒቴን፣ ሩዙን እንዳታሳርር» የሚል አስተያየት ጽፋለች።